መንገዱ የተዘጋበት ሰዓት

አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር፣ ውሃው የሸሸ ቀን ጭቃው ይሸታል፤ የበሰበሰ ቅጠልና የጀልባ ናፍጣ። ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፍ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ልል ስሄድ ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ፤ ሳልቀመጥ ቆሜ ቀረሁ። "ጨው ጎደለው እንጂ ምጽዋ ነው" ትል ነበር እትዬ ጥሩወርቅ፣ እዚያው ቦታ ቆማ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። እኔ ምጽዋን አይቻት አላውቅም። መንገዱን ግን ከአስመራ ቁልቁል እስከ ባሕሩ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ልሄድበት እችላለሁ። የተማርኩት በአንድ የብርድ ወራት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንሶላ ላይ ነው።

እዚህ አገር የመጣሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባሁትም ያኔ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ስዘዋወር ሁሉም "ለሚመጣው መስከረም እናስገባታለን" ይሉ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ግን እኔ ሌላ ቤት ነኝ። ፊደል የለየሁት የአንዷ አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጽሑፍ ሁሉ መሐሉ ላይ የሚቆረጥ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ዲቪ ደርሶት ቀድሞኝ የመጣ ሰው ነው። ቀን አንድ ፓርኪንግ፣ ማታ ሌላ ፓርኪንግ ይሠራል። የእትዬ ጥሩወርቅን ሳሎን ተከራይቶ ሶፋ ላይ ይተኛ ነበር። እኔ ስመጣ እሷ መኝታ ቤት አስገባችኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፤ ትንሿ ቢጫ አበባ ያለበት አንሶላ ተነጥፎባት ጠበቀችኝ።

"ለእኔ ብላ ነው የገዛችው?" አልኩት አባቴን።

"አልጋው ከአንቺ በፊት ነበር" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "ተኚበት ብላለች፣ ተኚበት። አትጠይቂ።"

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ረዥም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ከእንፋሎቱ ነው መሰለኝ እጇ ሁልጊዜ ይሞቃል። አንቱ ስላት "አንቱታው ያስረጀኛል፣ አንቺ በይኝ" አለችኝ። ለሰው ስትነግር እንኳ "ትዕግሥት አንቺ ነው የምትለኝ" ትል ነበር፣ እንደ ሹመት። ልጅ አንቺ የሚለው እናቱን መሆኑ ያኔ አልመጣልኝም።

ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ከማይችሉ አዲስ ልጆች ጋር መደቡኝ። ሁሉም ከየአገሩ ትምህርት ጀምሮ የመጣ ነው፤ እርሳስ አያያዝ ገና የምማረው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን መምህሯ ባሕረ ገብ መሬት ሥላችሁ ኑ አለችን። ፍሎሪዳን ሰሌዳው ላይ ሰቅላ በሦስት በኩል ውሃ መሆኑን በጣቷ እየዞረች አሳየችን።

ማታ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ሩም ውስጥ፣ ከማድረቂያው የወጣውን አንሶላ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይዘን ስናጥፍ የቤት ሥራዬን ነገርኳት።

"በሦስት በኩል ውሃ ነው" አልኩ።

"በአራተኛውስ?"

"መሬት።"

"እሱን ነው ማወቅ። የሚመጣብሽ በእሱ በኩል ነው።"

አንሶላውን አላጠፈችውም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ከሥሩ ፎጣ ከምራ በአንድ በኩል ከፍ አደረገችው። ትኩስ ነበር፤ የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቀውም።

"ይኼ ከፍ ያለው አስመራ። ከዚህ ቁልቁል ነው፣ ሆድ የሚያገላብጥ መንገድ። እዚህ ጊንዳዕ። እዚህ ዶጋሊ። እዚህ ባሕር።" ጨርቁን ሁለት ቦታ ቆንጠጥ አድርጋ አስነሳችው። "እነዚህ ደሴቶቹ፤ በባሕሩ ላይ በተሠራ መንገድ ከየብሱ ጋር ተያይዘዋል። እኛ ግን ደሴቱ ላይ አልነበርንም።" የአንሶላውን አንድ ጥግ ከጠረጴዛው አውጥታ እንደ ምላስ አንጠለጠለችው። "እኛ እዚህ። የባሕር ኃይል ቤተሰብ ሰፈር። ባሌ የመርከብ መካኒክ ነበር። በሦስት በኩል ውሃ።"

ከዚያ መዳፏን እንደ ቢላ አቆመች።

"ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሲገባ። ሻዕቢያ በዚህ መጣ።" እጇ ከአስመራና ከባሕሩ መሐል አረፈ። "መጀመሪያ መንገዱን ቆረጠ። በማግስቱ ደግሞ ይኼን።" እጇን አንስታ ምላሱ ከየብሱ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ አሳረፈችው። "አንገቱን። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ወደ ደሴቱ አይሻገርም። ደሴቱ ላይ ያለ ወደ ሰፈሩ አይመለስም። የተረፈው ጦር ደሴቱ ላይ ተከበበ፤ የሰፈሩ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቀረ።"

"አንቺስ?"

ጣቷን ፎጣው ላይ፣ ከፍታው ላይ አደረገች። "እኔ እዚህ። አራስ ጥየቃ።"

በዚያ ምሽትና ከዚያም በኋላ በቁርጥራጭ የነገረችኝ ይህ ነው። ታናሽ እህቷ ሙሉ አስመራ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ቤዛን ወለደች። እትዬ ጥሩወርቅ ቅቤና ማር ይዛ ልትጠይቃት ወጣች። የስድስት ዓመት ልጇን ሐናን ሳል ይዟት ስለነበር፣ የደጋው ብርድ እንዳይብስባት ብላ ጎረቤት ዘንድ ተወቻት። ሁለት ቀን አድራ ልትመለስ ነበር። በሁለተኛው ጠዋት የመጀመሪያው ኮንቮይ ሊነሳ ሲል ሙሉ ከአራስ አልጋዋ ሆና "የአራስ ገንፎ ሳትቀምሺ አትወጪም፣ ለልጄ ደግ አይደለም" አለቻት። ገንፎው ተገንፍቶ ቀረበ፤ ቀመሰች፤ ኮንቮዩ አመለጣት። በሁለተኛው ሄደች። ጊንዳዕ ላይ ወታደሮች አስቁመው መኪናዎቹን አዞሯቸው። መንገዱ ተዘግቷል።

የባሏን መርዶ በደንቡ ሰማች፤ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አስቀምጠው ነግረዋታል። የሐናን የነገራት የለም።

"ያልተረዳሁት ሞት የለም" ትል ነበር። መርዶው ያልተነገራት ሰው ለእሷ አልሞተም፤ ይህ ተከራካሪ የሌለው ሕጓ ነበር።

ለእኔ ግን ነገሩ ሌላ ትርጉም ነበረው። ሐና አልጋዋን ትታ የሄደች፣ ስትመለስም የምትጠይቀኝ ልጅ ናት። ትንሿ አልጋ ላይ ስተኛ መሐሉን ትቼ ወደ ጠርዙ እጠጋ ነበር፣ ስትመለስ እንዳይጎረብጣት። በስሌት ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ እግሯ ከአልጋው ይተርፋል። ስሌቱ ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን ፍርሃቴን አልቀነሰልኝም።

በዚያ ወቅት የሄድንበት ክርስትና፣ ሠርግ፣ ልቅሶ ሁሉ እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ጥያቄ ይዛ ትዞር ነበር። የቀድሞ ወታደር መኖሩን ከሰማች ሳህኗን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። ትንሽ ስለ ሥራ፣ ስለ ትራፊክ ታወራና ቀስ ብላ "ለመሆኑ መንገዱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተዘጋው?" ትላለች።

አንዱ "ጎህ ሲቀድ" ይላታል። ሌላው "ኧረ ረፋድ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይሆናል።" ፎልስ ቸርች ከተማ አንድ ሠርግ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ ከረባቱን እያላላ "እህቴ፣ እኔ ያን ቀን የምሮጠው ሰዓቴን እያየሁ አልነበረም" አላት፤ ጠረጴዛው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። መኪና ውስጥ ግን እስከ ቤት ድረስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሰዓቶቹን እያጋጠመች ነበር። ረፋድ ከሆነ በመጀመሪያው ኮንቮይ ትደርስ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሆነ በየትኛውም አትደርስም። እኔ ይህ አልገባኝም ነበር። እንደ እኔ ፈተና ያለባት፣ ትክክለኛው መልስ ከተገኘ ሐናን የሚሰጧት ይመስለኝ ነበር።

ሙሉ ያኔ ከባሏና ከቤዛ ጋር አሌክሳንድሪያ ትኖር ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደዚያ ለመሄድ በወንዙ ላይ ያለውን ትልቁን ድልድይ ማለፍ ግድ ነው። አሮጌው ድልድይ ገና አልፈረሰም ነበር፤ ረዥም ጀልባ ሲመጣ መሐሉ ተከፍቶ ወደ ላይ ይነሳል። አንድ እሑድ አባቴ እየነዳ ሊያደርሰን መሐል ላይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ።

"ለምን ቆምን?" አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

"ድልድዩ ሊከፈት ነው እትዬ። ጀልባ እስኪያልፍ ነው።"

"ማን ከፈተው?"

"እነሱ ናቸዋ፣ የድልድዩ ሰዎች። አሁን ይዘጉታል።"

በሩን ከፍታ ወረደች። አባቴ "እትዬ፣ ኧረ አውራ ጎዳና ላይ ነን!" እያለ ቀበቶውን ሲፈታ እሷ በቆሙት መኪኖች መሐል ወደ ፊት እየሄደች ነበር፤ ነፋሱ ነጠላዋን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከፊት ለፊታችን መንገዱ ከነአስፋልቱ፣ ከነቢጫ መሥመሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማይ ይነካል። አንገታችንን ቆረጡት ብዬ አመንኩ። ያሳሰበኝ እኛ የቀረነው በየትኛው ወገን ነው፣ ሐናስ በየትኛው ናት የሚለው ነበር። አባቴ ክንዷን ይዞ መለሳት። ተቀምጣ በሩን ዘጋችና "ስንት ሰዓት ነው?" አለችው። ነገራት።

እህትማማቾቹ ሙሉ ቤት ምሳ ላይ የተጣሉት ያን ቀን ነው። ሙሉ ወጥ እያወጣች፣ ዓይኗን ድስቱ ላይ ተክላ፣ "ቄሱን አነጋግሬአቸዋለሁ" አለች። "ፍትሐት ይደረግላት ብለዋል። ነፍሷ ትረፍ፣ አንቺም ትረፊ።"

"ላልሞተ ፍትሐት ይደረጋል?"

"እቴ፣ ቤዛን እያት። አሥራ አራት ሊሞላት ነው። ይህን ያህል ጊዜ..."

"የቤዛን ዕድሜ አትቁጠሪልኝ።"

ቤዛ ከስልኳ ቀና ብላ "ዋት ዲድ አይ ዱ?" አለች። ምን አጠፋሁ ማለቷ ነው። ሙሉ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። "ገንፎውን እኔ ነኝ ያበላሁሽ" አለች፣ ቀስ ብላ። "በየዓመቱ የልጄ ልደት ሲመጣ ያቺን ገንፎ ነው የማየው። መቼ ነው የምትምሪኝ?"

እትዬ ጥሩወርቅ ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለሰችው። "እኔ አልከሰስኩሽም" አለች፤ ምሬሻለሁ ግን አላለችም። ልጅ ብሆንም ይህን ልብ አልኩት።

ወሩ ሳያልቅ ሙሉ ስልክ ደወለች። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። "ስጪያት፣ ቶሎ ስጪያት" አለችኝ። ሰው ተገኝቷል። አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ፤ አሁን ኤርፖርት ይሠራሉ። እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበሩ፤ መካኒኩንም ሐናንም ያውቋቸዋል።

"ምን አሉሽ?" ስትል ሰማሁ። "በስልክ አይደለም? እሺ። ለመቼ? ከቅዳሴ በኋላ። ከሰዓት ነው የሚመጡት?" ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ በመዳፏ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ከሰዓት ነው የሚመጡት" አለችኝ፤ ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቅ ነገር ነበር። መርዶ ሲነጋ ነው። ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን የሚመጣ ሰው የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው።

ያን ሳምንት የትንሿን አልጋ አንሶላ ሁለት ጊዜ ቀየረችው። እኔ ልብሴን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፤ ሶፋው ለአባቴ እንኳ እንደማይበቃው አስቤ የት እንደምተኛ እያሰላሁ።

እሑድ ከሰዓት መጡ። ሙሉ ኬክ ይዛለች፣ ክሬም ያለበት፣ በገመድ የታሰረ ካርቶን ውስጥ። አቶ ደምሴ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቤዛ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ መኝታ ቤት ገባች። አባቴ በሩ አጠገብ ቆመ።

"ልጅቷን አውቃታለሁ" አሉ። "ፀጉሯን ሁለት ቦታ የምትሠሪያት። ትስቅ ነበር።"

"ትስቃለች" አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

"ወጥታለች። በሕይወት ነው የወጣችው፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።" ወደ ሙሉ አዩ፣ ከዚያ ወደ እጃቸው። "በሦስተኛው ቀን ነው። ሴቶችና ሕፃናት በመኪና ጭነን ከሰፈሩ አወጣናቸው። በመንገዱ ሄደን ወደ ደሴቱ ተሻገርን። እዚያ ሳምቡክ ነበር፣ የዓረብ ጀልባ፤ አሳፈርናቸው። ወደ የመን ነው የሄዱት። ከዚያ በኋላ አላውቅም። ግን ወጥታለች።"

ሙሉ እልል አለች፤ ግን አልጨረሰችውም። እኔ የማየው የእትዬ ጥሩወርቅን እጅ ነበር። ጉልበቷ ላይ፣ እንደ ቢላ፣ በጠርዙ ቆሞ ነበር። ያኔ እኔም አየሁት፤ አንሶላውን፣ ምላሱን፣ አንገቱን። በሁለተኛው ቀን ተቆርጧል። በሦስተኛው ቀን መንገድ የለም።

"በሦስተኛው ቀን?" አለች።

"በሦስተኛው።"

"በየብስ?"

"አዎ፣ በየብስ። በመንገዱ።"

ላብ በአቶ ደምሴ ጆሮ አጠገብ ሲወርድ አየሁ። አሁን ታሳፍራቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ስንቱን ወታደር በሰዓት ስታፋጥጥ አይቻታለሁ።

"ኬኩን ቁረጪ፣ ሙሉ" አለች። ተነስታ የመጀመሪያውን ቁራሽ በእጇ አጎረሰቻቸው። "ዕድሜ ይስጥዎት። ደክመው መጡልኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ።" አቶ ደምሴ ክሬሙ ከንፈራቸው ላይ ሆኖ መዋጥ አቃታቸው። አባቴ እስከ መኪናቸው ሊሸኛቸው ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ተቀመጠች።

"ደግ ሰው ናቸው" አለች። "ውሸት አልለመዱም። አንቺ ነሽ እንዲህ በሉ ያልሻቸው?"

ሙሉ የኬኩን ቢላ ይዛ ቀረች።

"ሙሉ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"እሺ፣ ነገ ሲነጋ፣ ሰው ሰብስቤ..."

"ለመርዶ ደንብ ትጠብቂያለሽ? እኔ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን ንገሪኝ።"

ሙሉ መሬት ላይ፣ እህቷ እግር ሥር ተቀመጠች። "የመጀመሪያው ቀን ነው" አለች። "ተኩሱ እንደ ጀመረ። ከየት እንደተተኮሰ እንኳ አላወቁም፤ የጎረቤትሽ ቤት ላይ ወደቀ። ተኝተው ነበር፣ ሁሉም። አቶ ደምሴ ናቸው ያነሷት። እሳቸው ናቸው የቀበሯት፣ ከጎረቤትሽ ጋር፣ አንድ ላይ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ገና ጎህ አልቀደደም።"

"መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት?"

"በፊት።"

"እኔ ያኔ አስመራ ነኝ።"

"አጠገቤ ተኝተሽ ነበር። ቤዛን ደረትሽ ላይ አድርገሽ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ረዥም ጊዜ የእህቷን አናት ስታይ ቆየች። ከዚያ እጇን፣ ያን የሞቀ እጇን፣ አናቷ ላይ አሳረፈችው።

"ገንፎው ገና አልተገነፋም" አለች።

"ገና ነው እቴ። ዱቄቱም አልተነፋም።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከደረቷ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰምቼው አላውቅም። ቤዛ ማዳመጫዋን አውልቃ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እናቷና አክስቷ ተቃቅፈው መሬት ላይ ናቸው። "ማሚ?" አለች፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ መጥታ መሐላቸው ገባች።

ሰው ሳይመሽ መሰብሰብ ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ወንበር መጣ፤ ከበልትስቪል የመጡ ሴቶች ድስት ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። አቶ ደምሴ ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ አባቴ መልሶ አምጥቷቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እኔ መኝታ ቤት ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐና ከአሁን በኋላ አትመጣም፤ ስለዚህ አልጋው የማን እንደሆነ ጭራሽ ጠፍቶኝ ነበር። ቤዛ መጥታ "ትጠራሻለች" አለችኝ፣ በአማርኛ።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ ጉልበቷን ይዞ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላታል፤ እሷ አሜን ትላለች። አንዲት የማላውቃቸው ትልቅ ሴት እሷን አጽናንተው ሲያበቁ እኔን አዩኝ።

"ይቺስ ልጅ ለሟቿ ምኗ ናት?" አሉ።

"እህቷ ናት" አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጄን ያዙ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። ምን እንደሚመለስ ጠፋኝና ዝም አልኩ።

"አሜን በያቸው" አለችኝ፣ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብላ።

አሜን አልኩ።